የደቡብ ዋልታ ብርሃንን ለማየት፦ ታዝማኒያ ወይስ ቪክቶሪያ? በየትኛውስ ሳምንት?

ጥያቄ፦ ከሜልቦርን ምዕራብ

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ጥያቄ የማቀርበው ከራሴ ይልቅ ለአባቴ ስል ነው። አባቴ የ74 ዓመት አዛውንት ሲሆኑ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ለማየት ከደብረ ማርቆስ መጥተው እስከ ጥቅምት መግቢያ እኛ ዘንድ ይቆያሉ። እ.ኤ.አ. ቅዳሜ ሜይ 11 ቀን 2024 ምሽት፣ እዚህ ሜልቦርን ድረስ ሰማዩ በደቡብ ዋልታ ብርሃን (ኦሮራ) ቀይና ሮዝ ሆኖ በታየ ጊዜ፣ እኔ ከሥራ ደክሜ ገብቼ ተኝቼ ነበር። ጎረቤቴ ከአልቶና የባሕር ዳርቻ ያነሳችውን ፎቶ በማግስቱ ለአባቴ ስልክላቸው «ይህ ሰማይ ነው ወይስ ሥዕል?» ብለው መለሱልኝ። እዚህ ከደረሱ ጀምሮ ደግሞ በየምሽቱ በረንዳ ላይ ወጥተው ወደ ደቡብ ማንጋጠጥን ልማድ አድርገውታል፤ ከእኛ በረንዳ የሚታየው ግን የጎረቤት ጣሪያና የመንገድ መብራት ብቻ ነው።

የልጆቹ ትምህርት ቤት ከሴፕቴምበር 19 እስከ ኦክቶበር 4 ቀን 2026፣ በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም 9 እስከ 24 ቀን 2019 ዓ.ም. ይዘጋል። ሐሳቤ ከደመራ ዋዜማ ጀምሮ አራት ሌሊት በታዝማኒያ ዋና ከተማ በሆባርት ማሳለፍ ነበር። ይሁን እንጂ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ለዚህ ብለሽ ባሕር አትሻገሪ፣ ከቪክቶሪያ ጠረፍም ይታያል» ስትለኝ፣ በስልክ ያነጋገርኩት አንድ አስጎብኚ ድርጅት ደግሞ ቀኑን እኔ ብመርጥ ብርሃኑን «ያለ ጥርጥር» እንደሚያሳየን ነግሮ ቀብድ ጠየቀኝ። በየትኛው ሳምንት፣ የት ብንሄድ ይሻላል? አባቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ረጅም ደረጃ መውጣት አይችሉም፤ ብርዱንም እፈራላቸዋለሁ።

መልስ፦ ከሆባርት

ውድ እህታችን፣ በመጀመሪያ ቀብዱን አይክፈሉ። ይህን ብርሃን አስቀድሞ ቀን ቆርጦ የሚሸጥ ሰው የሚሸጠው በእጁ የሌለውን ነገር ነው። እኔ እዚህ ስኖር ስድስት ዓመቴ ነው፤ በእነዚህ ዓመታት ብርሃኑን ያየሁባቸው ሌሊቶች ብዙ ቢሆኑም፣ ከሳምንት በፊት አውቄ የተዘጋጀሁበት አንድም ሌሊት አልነበረም። ሊታቀድ የሚችለው ጨለማው፣ ወደ ደቡብ ክፍት የሆነው ቦታና የሌሊቶቹ ብዛት ነው። የቀረው የፀሐይና የደመና ፈቃድ ነው።

ከእነዚህ መካከል በእጅዎ ያለው ትልቁ ነገር ጨረቃ ናት፤ የመረጡት ሳምንት ደግሞ በዚህ በኩል ከሁሉ የከፋው ሆኖ አገኘሁት። ዘንድሮ ጨረቃ ሙሉ የምትሆነው በሴፕቴምበር 26፣ ማለትም ልክ በደመራ ምሽት ነው። ሙሉ ጨረቃ ባለችበት ሌሊት ኃይለኛ ብርሃን ካልመጣ በቀር፣ ሰማዩ ራሱ ነጭ ስለሚሆን ደካማው ነገር ሁሉ ይዋጣል። በተቃራኒው አዲስ ጨረቃ የምትወለደው ሴፕቴምበር 11፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት ነው፤ ያ ሳምንት ለማየት እጅግ የተመቸ ቢሆንም ልጆቹ ትምህርት ላይ ናቸው። ስለዚህ የእኔ ምክር የእረፍቱን መጨረሻ እንዲይዙ ነው። ከሙሉ ጨረቃ በኋላ ጨረቃ በየምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ እየዘገየች ትወጣለች፤ ሴፕቴምበር 30 ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ፣ በቀጣዮቹ ሁለት ምሽቶች ደግሞ ከዚያም ዘግይታ ወደ እኩለ ሌሊት ትጠጋለች። በዚያ ሰሞን እዚህ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ ስለሆነ፣ 2 ሰዓት ሳይሞላ ሙሉ ጨለማ ይሆናል። እንግዲህ ከሴፕቴምበር 30 እስከ ኦክቶበር 2 ባሉት ሦስት ምሽቶች፣ አባትዎም ሆኑ ልጆቹ ሳያመሹ ጨረቃ የሌለባቸው ሰዓታት ያገኛሉ ማለት ነው።

ወቅቱም መጥፎ አይደለም። ሰዎች ብዙ ጊዜ ሰኔና ሐምሌን የሚመርጡት በዚያን ጊዜ የሆባርት ሌሊት እስከ 15 ሰዓት ስለሚረዝም ነው፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሌሊትና ቀን እኩል በሚሆኑባቸው በማርችና በሴፕቴምበር አካባቢ የመሬት መግነጢሳዊ መስክ ከፀሐይ ነፋስ፣ ማለትም ከፀሐይ ከሚፈልቀው የቅንጣቶች ጅረት ጋር የሚገጥምበት አቀማመጥ ስለሚመች፣ ብርሃኑን የሚያመጡት መግነጢሳዊ ማዕበሎች (የዚህ መስክ መናወጦች) በእነዚህ ወራት እንደሚበዙ ከታወቀ ቆይቷል። የማይመክሩት ዲሴምበርና ጃንዋሪን ነው፤ ሌሊቱ በጣም ያጥራልና።

ቦታን በተመለከተ ብዙ እንግዳ የሚያስበው ከከተማው በላይ ያለውን ኩናኒ ወይም ዌሊንግተን ተራራ ነው። ከፍታው 1,271 ሜትር ሲሆን መንገዱ እስከ ጫፉ አስፋልት ነው፤ ነገር ግን ጫፉ በደመና መሸፈን ይወዳል፣ መንገዱም በረዶ ሲጥል ይዘጋል፣ ነፋሱም ለአባትዎ አይሆንም። እኔ ብሆን የምወስዳቸው ወደ ሳውዝ አርም ነው። ከከተማው 40 ደቂቃ ያህል ያስነዳል፤ በዚያው መንገድ ላይ ጎት ብላፍ የሚባል የገደል አፋፍ አለ፣ መኪና ማቆሚያ አለው፣ ከፊት ለፊት ያለው የስቶርም ቤይ ባሕር ብቻ ነው። አባትዎ ብርድ ልብስ ደርበው መኪናው ውስጥ ሊቀመጡ ይችላሉ። ብሩኒ ደሴትን ብዙ ሰው ያደንቃል፤ ሆኖም ከኬተሪንግ የሚያሻግረው ጀልባ ሌሊት ስለማይሠራ እዚያው ማደር ግድ ይሆናል። ኮክል ክሪክ፣ በአውስትራሊያ ወደ ደቡብ የሚያስኬደው መንገድ የሚያበቃበት ቦታ፣ ጨለማው ወደር የለውም፤ ከአዛውንትና ከልጆች ጋር ግን አልመክረውም። ሩቅ ነው፣ መጨረሻው ጥርጊያ መንገድ ነው፣ ስልክም አይሠራም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሌሊት ሲነዱ ቀስ ይበሉ። ዋላቢዎች መንገድ ላይ ድንገት ይዘላሉ።

መልስ፦ ከሜልቦርን ደቡብ ምሥራቅ

የሆባርቱ ወንድማችን የተናገሩትን በሙሉ እደግፋለሁ፤ ቪክቶሪያን ግን ፈጽመው እንዳይተዋት በማለት ጥቂት ልበል። ባልደረባዎ የነገረችዎት ሐሰት አይደለም። ልዩነቱ ከዚህ የሚታየው ማዕበሉ ብርቱ ሲሆን ብቻ መሆኑ ነው። የማዕበሉን ብርታት ከዜሮ እስከ 9 በሚቆጥረው የኬፒ መለኪያ፣ ታዝማኒያ ውስጥ 5 ወይም 6 ሲደርስ ከአድማስ በላይ የሆነ ነገር ማየት ይቻላል፤ እዚህ በተለምዶ 7ና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ ቪክቶሪያ ጉዞ የሚታቀድባት ሳትሆን፣ ጥሪ ሲመጣ ካፖርት ደርቦ የሚወጣባት አገር ናት። ለዚያ ቀን ኬፕ ሻንክን ወይም ፍሊንደርስን ያስቡ፤ ሁለቱም ፊታቸው ወደ ባስ የባሕር ወሽመጥ ስለሆነ የሜልቦርን መብራት ከጀርባ ይቀራል። ጊዜ ካለ ኢንቨርሎክም ጥሩ ነው።

ከራሴ ስሕተት አንዱን ልንገርዎት። ከሁለት ዓመት በፊት ስልኬ ላይ ያለው መተግበሪያ ኬፒ 8 ብሎ ሲጮህ፣ እራቴን ትቼ ኬፕ ሻንክ ድረስ ነዳሁና አራት ሰዓት ሙሉ በነፋስ ስገረፍ ባዶ ሰማይ አይቼ ተመለስኩ። በኋላ እንደተረዳሁት ኬፒ የሦስት ሰዓት እንቅስቃሴን በአንድ ቁጥር የሚጠቀልል ነው፤ ቁጥሩን ያየሁት ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ነበር። አሁን የምመለከተው «ቢ-ዜድ» የሚባለውን ነው፤ ይህም የፀሐይ ነፋስ ይዞት የሚመጣው መግነጢሳዊ መስክ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ማዘንበሉን ያሳያል። ወደ ደቡብ ሲያዘነብል፣ ማለትም ቁጥሩ ከዜሮ በታች ወርዶ እዚያው ሲቆይ፣ የመሬት በር ይከፈታል። ወደ ሰሜን ከሆነ የፀሐይ ነፋሱ ምንም ያህል ቢፈጥን ቤት መተኛት ይሻላል። ይህን የሚለኩት ከመሬት 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀው ወደ ፀሐይ በኩል የተቀመጡ የጠፈር መንኮራኩሮች ናቸው፤ ነፋሱ በሰከንድ 500 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ እነሱ ካዩት በኋላ እኛ ዘንድ የሚደርሰው በ50 ደቂቃ ነው። ትክክለኛው ማስጠንቀቂያ ይህቺው አንድ ሰዓት የማትሞላ ጊዜ ናት፤ ስለዚህም ነው ማደሪያው ለመመልከቻው ቦታ ቅርብ መሆን ያለበት።

አባትዎን ደግሞ አስቀድመው ያዘጋጁአቸው። በፎቶ ያዩትን ቀይ በዓይናቸው ላያዩ ይችላሉ። የሰው ዓይን በጨለማ ቀለም መለየት ስለሚያዳግተው፣ ደካማው ብርሃን ነጣ ያለ ግራጫ ሆኖ ነው የሚታየው። እኔ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ከአድማስ በላይ የሚንሳፈፍ ጉም መስሎኝ ነበር፤ ቆይቶ ከጉሙ ውስጥ እንደ ዕጣን ጢስ ቀጥ ያሉ ምሰሶዎች ተነሡና ከግራ ወደ ቀኝ እየተራመዱ ጠፉ። ደመና መሆኑን ወይም አለመሆኑን ለመለየት ከዋክብትን ይመልከቱ፤ ከዋክብት በውስጡ አልፈው የሚታዩ ከሆነ ደመና አይደለም። ስልክዎ ላይ «ናይት ሞድ» የሚባለውን ከፍተው፣ ስልኩን ድንጋይ ላይም ቢሆን አስደግፈው ለ10 ሰከንድ ያህል ወደ ደቡብ ቢያነሱ፣ ዓይን ያላየውን አረንጓዴና ቀይ ያወጣዋል። ዓይን ጨለማውን ለመልመድ 20 ደቂቃ እንኳ ይፈልጋል፤ አንድ ሰው የስልክ መብራት ካበራ ግን ከዜሮ ይጀመራል። ልጆቹን አደራ!

መልስ፦ ከደኒዲን፣ ኒው ዚላንድ

ስለ ኒው ዚላንድ ማንም ስላላነሳ አጠር አድርጌ ልናገር። ከደኒዲን፣ ከኢንቨርካርጊልና ከስቲዋርት ደሴት ብርሃኑ በደንብ ይታያል፤ ደሴቲቱ በማኦሪ ስሟ ራኪዩራ ስትባል፣ ከ2019 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የጨለማ ሰማይ መጠበቂያ ሆና ተመዝግባለች። ነገር ግን በእርስዎ ሁኔታ አልመክረውም። አባትዎ ኒው ዚላንድ ለመግባት የራሱ ቪዛ ያስፈልጋቸዋል፤ የአውስትራሊያ ቪዛቸው ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የተሰጠ ከሆነ ደግሞ ከወጡ በኋላ መመለስ አይችሉም። ታዝማኒያ ግን አገር ውስጥ ነው። ከመግነጢሳዊው ዋልታ ካላቸው ርቀት አንጻርም ቢሆን ሁለቱ ብዙም አይለያዩምና የሚያመልጥዎት ነገር የለም።

መልስ፦ የፊዚክስ መምህር፣ አዲስ አበባ

ከላይ የተሰጡት መልሶች ጥሩ ናቸው፤ ሁለት ነጥቦች ብቻ ልጨምር።

የመጀመሪያው «ወደ ደቡብ በሄድኩ ቁጥር ይሻላል» የሚለው አሳብ ሁልጊዜ እንደማይሠራ ነው። ብርሃኑ የሚከተለው መሬት የምትሽከረከርበትን ዋልታ ሳይሆን መግነጢሳዊውን ዋልታ ነው፤ መግነጢሳዊው ደቡብ ዋልታ ደግሞ ወደ አውስትራሊያ በኩል ተጠግቶ ይገኛል። በዚህ ምክንያት በ55 ዲግሪ ደቡብ ላይ ያለችው የአርጀንቲናዋ ኡሽዋያ፣ በ43 ዲግሪ ደቡብ ላይ ካለችው ከሆባርት ያነሰ ዕድል አላት። ገንዘብ አውጥቶ እስከ ደቡብ አሜሪካ ጫፍ ሄዶ ምንም ሳያይ የሚመለስ ሰው ያጋጥማል፤ እናንተ ያላችሁበት በዓለም ላይ ካሉት ሰው የሚኖርባቸው ቦታዎች ከተመረጡት አንዱ ነው።

አባትዎ «እኛ አገር ለምን አይታይም?» ብለው ቢጠይቁ፣ መልሱ ኢትዮጵያ ከመግነጢሳዊው ወገብ ላይ በመቀመጧ ነው። በዋልታዎቹ አካባቢ የመግነጢሳዊው መስክ መሥመሮች ወደ መሬት ቁልቁል ስለሚወርዱ፣ ብርሃኑን የሚፈጥሩት ኤሌክትሮኖች በእነሱ ላይ ተንሸራተው አየሩን ይመታሉ፤ በእኛ ሰማይ ላይ ግን መሥመሮቹ አግድም ተኝተዋል። ይህም ሆኖ ማዕበሉ እኛን አይነካንም ማለት አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ ከዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ ከ1957–58 ጀምሮ የመሬትን መግነጢሳዊ መስክ ሲለካ የኖረ ሲሆን፣ ሆባርት ላይ ሰማይ የሚያቀላው ማዕበል እዚህ በመለኪያው ላይ መስመር ሲያዛንፍ ይታያል።

ሁለተኛው ነጥብ የፀሐይን ሁኔታ ይመለከታል። የፀሐይ እንቅስቃሴ በ11 ዓመት ገደማ ከፍና ዝቅ ይላል፤ የአሁኑ ዑደት፣ ሃያ አምስተኛው፣ የተጀመረው በዲሴምበር 2019 ነው፤ ከፍተኛ ደረጃው ላይ መድረሱም በኦክቶበር 2024 በይፋ ተነግሯል። «እንግዲያውስ አልፎብናል» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። በቁልቁለቱ ዓመታት በፀሐይ ውጫዊ ከባቢ ላይ የሚከፈቱት ቀዳዳዎች ፈጣን ነፋስ ይልካሉ፤ እነዚህም ከድንገተኛው ፍንዳታ በተለየ መልኩ በመጠኑም ቢሆን ሊጠበቁ ይችላሉ። ፀሐይ ከመሬት ሲታይ አንድ ዙር የምትዞረው በ27 ቀን ገደማ ስለሆነ፣ አንድ ቀዳዳ ዛሬ ወደ እኛ ፊቱን ካዞረ፣ ካልተዘጋ በቀር ከ27 ቀን በኋላ ይመለሳል። ከሆባርት ከተመከሩልዎት ቀናት ወደ ኋላ ብንቆጥር ከነሐሴ 28 እስከ ጳጉሜን 1፣ ማለትም ከሴፕቴምበር 3 እስከ 6 ላይ እናርፋለን። በእነዚያ ቀናት የአውስትራሊያ የአየር ሁኔታ ቢሮ የጠፈር አየር ገጽ ላይ መግነጢሳዊ እንቅስቃሴ መጨመሩን ካዩ፣ በጉዞዎ ሰሞን መጠነኛ ተስፋ አለ። በሜይ 2024 እንደሆነው ያለው ታላቅ ማዕበል ግን በዚህ ዘዴ አይገኝም፤ ያ ከ2003 ወዲህ የመጀመሪያው የጂ5፣ ማለትም የመጨረሻው ከፍተኛ ደረጃ ማዕበል ነበር፣ የመጣውም ፀሐይ ላይ ከተከሰቱ ተከታታይ ፍንዳታዎች ነው። እንዲህ ያለው ከፀሐይ ተነሥቶ እስኪደርስ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ስለሚፈጅ፣ ያን ጊዜ ቢያንስ ልብስ ለማዘጋጀት ፋታ ይኖራል።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ቀብዱን አልከፈልኩም፤ ሰውየው ሁለተኛ ሲደውል «ብርሃኑ ካልታየ ገንዘቡን ትመልሳለህ?» ብለው ወሬውን ቀየረው።

የደመራውን ዕቅድ ትቼ ከሴፕቴምበር 30 ጀምሮ ለሦስት ሌሊት ማደሪያ ይዣለሁ፤ ጉዞው ሁለት ቀን እስኪቀረው ድረስ ቢሰረዝ ገንዘብ የሚመልስ ነው። መስቀልን እዚሁ ከማኅበራችን ጋር እናከብራለን። አባቴ የመምህሩን መልስ ሳነብላቸው «መሥመሩ በእኛ ላይ ተኝቷል» የምትለዋን ደጋግመው አስነበቡኝ፤ አሁን ለስልክ ወዳጆቻቸው ሁሉ ሲያስረዱ ይውላሉ። ግራጫ ሊሆን እንደሚችልም ነግሬአቸዋለሁ። «ግራጫም ቢሆን ከደቡብ ይምጣ» አሉኝ።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ሦስቱም ምሽት ደመና ቢሆን ምን ይደረጋል? ሆባርት ደመናማ ናት ሲባል እሰማለሁ።

መልስ፦ ከሆባርት

እውነት ነው፣ ደመና ይበዛል። ነገር ግን እዚህ የአየሩ ጠባይ ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው ይለያያል፤ የምዕራብ ነፋስ ሲነፍስ ዝናቡን ተራሮቹ ስለሚያስቀሩት ከሆባርት ምሥራቅ ያለው ጠረፍ ብዙ ጊዜ ይጠራል። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ አይጣበቁ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ የሳተላይት ደመና ምስል ይመልከቱ፤ ሳውዝ አርም ከተሸፈነ ወደ ዶጅስ ፌሪ መሄድ ይቻላል፣ እዚያም ባሕሩ በደቡብ በኩል ነው። ሦስቱም ምሽቶች በደመና ቢዘጉ ግን ቀን ቀን ልጆቹንና አባትዎን ብሩኒ ደሴት ወስዳችሁ ነጩን ዋላቢ ፈልጉ፤ ያ ሰማይ ጠራ አልጠራ አለ።

ለአባትዎ ወፍራም ካልሲና በቴርሞስ ሻይ ያዙ። መብራት የግድ ካስፈለጋችሁ ቀይ ይሁን፤ ቀይ ፌስታል በባትሪው ላይ በጎማ ብታስሩበትም ይሠራል። በእነዚያ ሦስት ምሽቶች እኔም ከሥራ የምወጣው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ ቢ-ዜዱ ወደ ደቡብ ሲዞር እዚሁ እጽፍላችኋለሁ። ጎት ብላፍ ስትደርሱ መኪናውን ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙራችሁ አቁሙት፣ ፋናውንም ቶሎ አጥፉት፤ ቀድመው የመጡ ሰዎች ይኖራሉና።